ሃልቫር የማን አጋር ነው?

መስከረም 14 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.
ከደሴቱ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ፣ ሰሜን ኖርዌይ

ለተከበሩ እህቴ ለአርዲስ፣

ይህ ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ የጉልበትዎ ሕመም የተወዎት፣ የፋርማሲዎም ደንበኞች ትዕግሥት የተማሩ ይሁኑ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ፖስታ የሚያመጣልን አውሮፕላን በነፋሱ ምክንያት ሁለት ጊዜ አንዣቦ ሳያርፍ ስለተመለሰ፣ ያለፈው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። በሰው ጥፋት ባይሆንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አያቴና አያትዎ የአንድ እናት ልጆች በመሆናቸው ብቻ የሚጻጻፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ስለ ቀብርና ስለ ሠርግ ነው። እኛ ግን ከዱዌይንና ከቬርና ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ፣ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ተዋጊ ሆኖ የሚጫወትበት የሐሙስ ጨዋታ አለን። ስለዚህ አለመግባባት እንዳይፈጠር ከመሄዴ በፊት የተስማማንባቸውን ነጥቦች ልድገማቸው። ስምንት ዓመት የተጫወትኩት ጋሻ ያዡ ሃልቫር የእኔ እንደሆነ ይቆያል። ምን እንደሚያደርግ በፖስታ አዛለሁ፤ ዱዌይን የራሱን ባለ ሰይፍ እየተጫወተ የሃልቫርንም የብረት ምስል በትእዛዜ መሠረት በሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሳል። ቬርና ካህኗን ትጫወታለች። እርስዎ እንደ ወትሮው ከካርቶን መከለያዎ ጀርባ ተቀምጠው ይዳኛሉ። ትእዛዜ የሚደርስዎ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ሌላ እስካልጻፍኩ ድረስ ሃልቫር ከኋላ ሆኖ በቅሎዎቹን ይጠብቅ። ብዙ ስሕተት የማይሠራበት ቦታ ያ ነው።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ጉዳይ ልግባ። እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ የቬርና ካህን «በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ያሉ አጋሮችን ሁሉ» የሚፈውሰውን ጸሎት አድርሳለች፤ ወደ ወጥመዱ የመራቸው መንገድ መሪም ቆስሎ እዚያው ወድቆ ነበር። ዱዌይን «ቀጥረነዋል፣ አጋር ነው» አለ፤ ቬርና «ሸጦናል፣ አይደለም» አለች፤ ሐሙሱም በክርክር አለቀ። የገዛነውን የደንብ መጽሐፍ እዚህ ይዤዋለሁ። «አጋር» የሚለውን ቃል በየገጹ ይጠቀምበታል፤ ማን እንደሆነ ግን የትም አይናገርም። ይህ ቸልተኝነት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አቀርባለሁ፦ «አጋር ማለት ጸሎቱን የሚያደርሰው ወይም ኃይሉን የሚጠቀመው ሰው ክፉ የማይመኝለት ማንኛውም ሕያው ፍጡር ነው።» አጭር ነው፤ የሚያሻማም አይመስለኝም። እባክዎ የየሐሙሱን ውሎ በዝርዝር ይጻፉልኝ።

አክባሪ ወንድምዎ፣
ሎዌል


ጥቅምት 19 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.
ዌስትቢ፣ ዊስኮንሲን

ለወንድሜ ለሎዌል፣

ያ ነፋስ ለአንተ ይራራልህ፤ የሚጠብቅህ አምላክ ደግሞ ወፍራም ካልሲ ይላክልህ። እኛ ደህና ነን። ቅጠሉ ረግፏል፤ ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ለመብላት የሚሰለፈው ሕዝብ እስከ መንገዱ ደርሷል።

ስለ ዓሣ ካነሳሁ ልቀጥል። ደንብህን ሐሙስ ዕለት አነበብኩላቸው። ሁሉም ደስ አለው። ዱዌይን ከሁሉም በላይ ደስ አለው፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ባለ ሰይፉን በጨዋታው ውስጥ ወዳለው መንደር ገበያ ልኮ አንድ ባልዲ ገዛ።

«ዱዌይን፣ ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አጋሮቼ።»

«ምን?»

«ትንንሽ ዓሦች። ለመንጠቆ የሚሆኑ። በሕይወት ናቸው፤ እኔም ክፉ አልመኝላቸውም።»

ቬርና መነጽሯን ገፋ አደረገች። «ስንት ናቸው?»

«የቤተሰብ ቁጥር አይጠየቅም፣ ነውር ነው።»

ባለ ሰይፉ ምን ዓይነት ኃይል እንዳለው ታስታውሳለህ፤ አጠገቡ አጋር በወደቀ ቁጥር ሰይፉ ይበረታል። አንድ ግዙፍ ጭራቅ ፊቱ ሲቆም ባልዲውን ደረቅ መሬት ላይ ደፋው። ዓሦቹ ተንፈራግጠው ሞቱ። ግዙፉን በአንድ ምት ለሁለት ከፈለው። ያን ግዙፍ ሳዘጋጅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

«ይህ ማጭበርበር ነው!» አለች ቬርና። «በምሠራበት የካውንቲው የመሬት መዝገብ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም!»

«ምን አጠፋሁ? ሲሞቱ አዝኛለሁ» አለ ዱዌይን፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

ደንብህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓሣ ሕያው ፍጡር ነው። ዱዌይን ክፉ አይመኝለትም። ምን ላድርግ? ፈረድኩለት። አሁን የወተት መኪናውን እየነዳ ባልዲ የሚሸከም አህያ ዋጋ ያስባል። ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርከው አንተ ነህ። እባክህ ቀዳዳ የሌለው ጻፍልኝ። የደሴቱንም ፎቶግራፍ ላክ፤ እናትህ ብትኖር ትጠይቅህ ነበርና ስለ እሷ እኔ እጠይቃለሁ።

እህትህ፣
አርዲስ


ኅዳር 25 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.
ከደሴቱ

ለተከበሩ እህቴ ለአርዲስ፣

ጤናና ትዕግሥት ይብዛልዎ፤ በተለይ የኋለኛው። ፎቶግራፍ አያይዣለሁ። ግራጫው ባሕር ነው፤ ከእሱ ትንሽ ጠቆር ያለው ግራጫ ደግሞ እኛ ያለንበት ነው።

ስለ ባልዲው ያነበብኩት በታላቅ ብስጭት ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ የአንዱን ወገን ፈቃድ ብቻ መለኪያ አድርጌ ነበር። አጋርነት ግን የሁለት ወገን ነገር ነው። ይህን በማሰብ፣ ዱዌይን ሊያመጣቸው የሚችላቸውን ፍጡራን ሁሉ (ዶሮ፣ ንብ፣ በጠርሙስ የተያዘ አልቅት፣ የታሰረ ጠላት) አንድ በአንድ እየፈተንኩ አዲስ ደንብ አዘጋጅቻለሁ፦

«ሁለት ፍጡራን አጋሮች የሚሆኑት ውጊያው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ድምፅ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ በሚሰማ ሁኔታ፣ የሌላውን ስም ጠርተው አጋራቸው መሆኑን ሲናገሩ ነው። ማንም ሰው በሌላው ፈንታ ሊናገር አይችልም። ያልተባለ ነገር እንደተባለ አይቆጠርም።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባ ያውቃሉ። እሱ ባይኖር ዱዌይን ድምፁን አቅጥኖ ስለ ዓሦቹ ይናገር ነበር። ደንቡ እንዳለ፣ ያለ ማሻሻያ እንዲጸድቅ እለምናለሁ። አንድ ቃል ቢነሳለት ይፈርሳል።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። የጣቢያው ኃላፊ ሁለተኛ የበረዶ ወራት የሚቆይ ሰው እየፈለገ ነው። መልሴን በፊርማዬ አጽንቼ በጸደይ መጨረሻ ከሚመጣው አውሮፕላን ጋር መላክ አለብኝ። ከፈረምኩ የምመለሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ገና አልወሰንኩም። ዌስትቢ የሚጠብቀኝ ሥራም ሆነ ቤት እንደሌለ ያውቃሉ፤ ያለኝ የሐሙስ ወንበር ነው። ይህን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣
ሎዌል


ጥር 17 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ዌስትቢ

ለወንድሜ ለሎዌል፣

አዲሱ ዓመት ከአሮጌው የተሻለ ይሁንልህ። ብርዱ እዚህም በርትቷል፤ የዱዌይን መኪና ውስጥ ወተቱ በረዶ እየሆነ ነው።

ከመቀመጤ በፊት ምን እንደምጽፍልህ ብዙ ስላሰብኩ ዘገየሁ። ደንብህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ቬርና በትልልቅ ፊደል ገልብጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ እውነት ለመናገር ጨዋታው መልክ ያዘ። ባልዲው ቀረ። ዱዌይን ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ፤ ከዚያ ረሳው።

ከገና በኋላ በነበረው ሐሙስ ተዋጊዎቹ አንድ ወፍጮ ቤት ጋ ደረሱ። ዘራፊዎች የመጡት ከኋላ፣ በበቅሎዎቹ በኩል ነው። ሃልቫር ብቻውን ተቀበላቸው። ዱዌይን የዕድሉን ዳይስ ስለ አንተ ጣለ፤ መጥፎ ወጣ፤ እንደገና ጣለ፤ የባሰ ወጣ። ሃልቫር ወደቀ። ቬርና ወዲያው ካህኗን አስጸለየች። ዱዌይን የሃልቫርን ምስል ሊያቆመው እጁን ሲዘረጋ ቬርና ግድግዳውን አየች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «አልተናገረም።»

«ማን?»

«ሃልቫር። ውጊያው ሲጀመር አጋሮቼ ናችሁ አላለም።»

«እንዴት ይበል? ሎዌል ሰሜን ዋልታ ነው ያለው!»

«ስለዚህ አልተናገረም ማለት ነው።»

«እኔ እናገርለታለሁ!»

«ማንም ሰው በሌላው ፈንታ ሊናገር አይችልም» ብላ አነበበችለት። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ዱዌይን ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ግድግዳውን አየሁ። የጻፍከው ያንኑ ነው፣ ሎዌል። አንድ ቃል እንዳይነሳ ብለህ ለምነሃል።

ጸሎቱ አልፎት ሄደ። ሃልቫር ወፍጮው በር ላይ እየደማ ነው። ዳይሱን ሰብስቤ ጨዋታውን እዚያው አቁሜዋለሁ፤ መልስህ እስኪመጣ ድረስ ዩከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን፤ ዱዌይን በእሱም ያጭበረብራል። ምን እንደምታዝ ጻፍልኝ። ስለ ፊርማውም ምን እንዳሰብክ ጻፍልኝ።

እህትህ፣
አርዲስ


የካቲት 22 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ከደሴቱ

ለተከበሩ እህቴ ለአርዲስ፣

ሰላምና ጤና እመኝልዎታለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ መለኪያዎቹን ሁሉ ማንበብ ስላለብኝ አነበብኳቸው፤ ከዚያ ተመልሼ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው አልተሻለም።

ደንቡ ለዓሣ የተጻፈ ነው። ለዓሣ የተጻፈ ደንብ ስምንት ዓመት አብሮ በተዋጋ ሰው ላይ መዋሉ ያስቆጣኛል፤ ቬርና ግን በትክክል አንብባዋለች፣ ይህም ይበልጥ ያስቆጣኛል። ስለዚህ ደንቡን ሳልነካ መፍትሔ አቀርባለሁ። ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ፣ በወፍጮ ቤቱም ሆነ ወደፊት በሚደረጉት ውጊያዎች ሁሉ ባለ ሰይፉና ካህኗ የሃልቫር አጋሮች መሆናቸውን አስታውቄያለሁ። በራሴ እጅ ጽፌ የላክሁት ቃል ድምፄ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ዱዌይን ቢያነበው ስለ እኔ ተናገረ አይባልም፤ የእኔን ንግግር አደረሰ እንጂ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቀጥተኛ መልስ እጠብቃለሁ። ደንቡ ሁለት ጎን አለው። ሃልቫር መናገር አለበት፤ ሌሎቹም የሃልቫርን ስም መጥራት አለባቸው። ደብዳቤዎ ስለ መጀመሪያው ጎን በሰፊው ይናገራል። ስለ ሁለተኛው አንድም ቃል የለውም። እርስዎ ደግሞ የዱዌይን ወተት በረዶ መሆኑን እንኳ የማይዘነጉ ሰው ነዎት።

ውጊያው ሲጀመር ዱዌይንና ቬርና የሃልቫርን ስም ጠርተዋል ወይስ አልጠሩም?

አክባሪዎ፣
ሎዌል


መጋቢት 28 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ዌስትቢ

ለወንድሜ ለሎዌል፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ጉንፋን ይዞናል። ፋርማሲው በሳል ተሞልቷል። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ የምድር ቤቴ ደረጃ ረጥቧል።

ወረቀትህን አነበብኩላቸው። ቬርና ተከራከረች፤ እንዲህ ነው ያለችው፦ «ይህ የተጻፈው ከብዙ ሳምንት በፊት ነው። በዚህ መካከል እኔ ካህኗን ለዘራፊዎቹ ሸጫት ቢሆንስ? የማያየውን ሰው እንዴት አጋሬ ይላል?» ዱዌይን «ሚስቴም የማታየውን ሰው ነው ያገባችው፣ ሌሊት ወጥቼ ሌሊት ነው የምገባው» አላት። ሳቅን። ነገር ግን አልተስማማንም፤ እኔም እስካሁን አልፈረድኩም።

ዱዌይን አዲስ ጎማ ገዝቷል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እየተሠራ ነው። የፎቶግራፍህን ጀርባ አየሁት፤ ምንም አልጻፍክበትም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ጉንፋኑ ሲለቀኝ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ፣
አርዲስ


ሚያዝያ 20 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ከደሴቱ

ለተከበሩ እህቴ ለአርዲስ፣

ጉንፋኑ እንደለቀቀዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አልመለሱልኝም። በሥራዬ ከአንድ መለኪያ ቁጥር ሲጎድል መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ልገምት እችላለሁ፤ በተከታታይ ሲጎድል ግን ሰው ሆነ ብሎ ያልጻፈው መሆኑን አውቃለሁ። ስሙ አልተጠራም። ቢጠራ ኖሮ በመጀመሪያው ደብዳቤ ይነግሩኝ ነበር።

እንግዲያው ወረቀቴ ዋጋ የለውም። ድምፄ ቢደርስም የእነሱ ጎን ባዶ ነው። ደንቡ ማን አጋር እንደሆነና ማን እንዳልሆነ እንዲለይ ጽፌው ነበር፤ ለይቷል። ያለማወላወል የሠራ ደንብ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዲህ ያናድደኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ትእዛዜ ይህ ነው፦ ሃልቫር ይሙት። ጨዋታው በእኔ ምክንያት ቆሞ መቅረት የለበትም። በቅሎዎቹን ሌላ ሰው ይጠብቅ። የጣቢያው ኃላፊ የሰጠኝን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ በሚቀጥለው አውሮፕላን እልከዋለሁ። ወንበሬን ለሌላ ሰው መስጠት ከፈለጉ ተቃውሞ የለኝም።

አክባሪዎ፣
ሎዌል


ግንቦት 10 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ዌስትቢ

ሎዌል፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ፤ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ስምህ አልተጠራም። ልክ ነህ። ቬርና «ባለ ሰይፉ አጋሬ ነው» አለች፤ ዱዌይን «ካህኗ አጋሬ ናት» አለ፤ ከዚያ «ይበቃል፣ እንምታ!» ብሎ ዳይሱን ጣለ። እኔም አላስታወስኳቸውም። ተቆጥተውብህ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እጽፍልህ ነበር፤ ቁጣ ለመጻፍ አያስቸግርም። ረስተውህ ነው። ሃልቫር ወራት ሙሉ ከበቅሎዎቹ ጋር ቆሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ከበቅሎዎቹ እንደ አንዱ ሆነ። «ሌላ እስካልጻፍኩ ድረስ በቅሎዎቹን ይጠብቅ» ብለህ ነበር፤ ባለበት ቆየ። ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ደብዳቤህን ትናንት ሐሙስ አነበብኩላቸው። «ይሙት» የሚለው ጋ ስደርስ ዱዌይን ተነሳ።

«ማን ፈቅዶለት ነው የሚሞተው? እዚህ የለም እኮ!»

«ትእዛዙ የእሱ ነው፤ ደንቡም የእሱ ነው» አለች ቬርና፤ ግን ወደ ማንም አላየችም።

«የእሱ! በየሳምንቱ ከሣጥን የማወጣው እኔ፣ ጋሻው ሲገነጠል በሙጫ የለጠፍኩለት እኔ! ጸልዪ አንቺ ሴትዮ!»

«ደንቡ አይፈቅድማ!»

«ታዲያ ቀደሽ ጣይው!»

«እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፣ ዱዌይን። የተጻፈ ነገር አልቀድም።» ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። «ያለ መነጽር ደግሞ ግድግዳው አይታየኝም» አለች። «አርዲስ ብትነሳ አላያትም።»

ተነሳሁ። ከግድግዳው አላቅቄ ለሁለት ቀደድኩት። ቬርና መነጽሯን ሳታደርግ ጸለየች። ሃልቫር ቆሟል። በምን ደንብ እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ደንብ የለም። ዱዌይን በጣቱ ጠቆመው፤ አለቀ።

እንደምትናደድ አውቃለሁ። ያን የመሰለ ደንብ ቀደድሽብኝ ትላለህ። ተናደድ፤ ግን እዚህ መጥተህ ተናደድ። ያን ወረቀት አትፈርም። ሥራ ይገኛል፤ የላይኛው ክፍል ባዶ ነው። መጀመሪያ ልጽፍልህ የሚገባኝ ይህን ነበር፤ ደንብ ጻፍልኝ እያልኩ ጊዜህን ፈጀሁ። አትፈርም።

አርዲስ


ሰኔ 3 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.
ከደሴቱ

ለተከበሩ እህቴ ለአርዲስ፣

ቤትዎ ሰላም ይሁን፤ በጠረጴዛዎ ዙሪያ የሚቀመጡትም ሁሉ።

የፖስታው አውሮፕላን እዚህ ሲያርፍ ሞተሩን አያጠፋም። የሚወጣው ከረጢት ወደ ላይ ሲሰጥ የሚገባው ወደ ታች ይጣላል፤ የሚከፈተው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ፣ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ተራው የእኔ ነበር። ፊርማዬ ያለበትን ከረጢት ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ «አትፈርም» የሚለው ደብዳቤዎ ያለበትን የተቀበልኩትም እኔ ነኝ። ለአንድ አፍታ ሁለቱንም በእጄ ይዣቸው ነበር።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ኃላፊውን በሬዲዮ እንዲያስቆምልኝ ጠየቅሁት። ሞከረ። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ ሊተካኝ የነበረው ሰው ወደ ሌላ ጣቢያ ተመድቧል፤ የሁለተኛው ዓመት ውሌ ጸንቷል። ውሉን በጥንቃቄ መርምሬዋለሁ። ቀዳዳ የለውም።

ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት አልመጣም። ይህን ዓረፍተ ነገር በተለያየ መንገድ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ሌላ መንገድ የለውም። በመጋቢት መልሰውልኝ ቢሆን ኖሮ አልፈርምም ነበር። ይህን ለመውቀስ አልጻፍኩትም፤ ሳልጽፈው ማለፍም አልቻልኩም። እኔም ወንበሩን እንደምፈልገው በኅዳር በግልጽ ብጽፍ፣ «ለመረጃ ያህል» ባልል ኖሮ፣ ጉንፋኑ ቶሎ ይለቅዎት እንደነበር እገምታለሁ።

ስለ ደንቡ፦ ተቃውሞዬን አቀርባለሁ። አንድ ሰው ለማዳን የተቀደደ ደንብ ሁለተኛ ሰው ሲወድቅ አይኖርም። ዱዌይን በጣቱ የሚጠቁመው ሁሉ የሚድን ከሆነ ደግሞ እስከ መስከረም ባልዲው ይመለሳል። ይህን ስጽፍ ትክክል መሆኔን አውቃለሁ፤ ትክክል መሆኔም ምንም እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ። ተቃውሞዬ ይነበብላቸው፤ ይሳቁ።

ከእንግዲህ ትእዛዝ አልልክም። ዱዌይን ሃልቫርን ከበቅሎዎቹ ዘንድ ያውጣው። ወደ ወደደው ቦታ ይውሰደው፤ የወደደውን ያናግረው፤ በሞኝነት ቢያስገድለውም አልከራከርም። ምን እንዳደረገ ብቻ ይጻፍልኝ።

የሚከተለው ደንቡ ስለተሻረ እንደማያስፈልግ፣ ሲደርስዎ ደግሞ እንደሚያረጅ ይገባኛል። ቢሆንም ሐሙስ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ዱዌይን ድምፁን ሳያቀጥን ያንብበው።

ዱዌይን አጋሬ ነው። ቬርና አጋሬ ናት። አርዲስም፣ ዳኛ ቢሆኑም፣ አጋሬ ናቸው።

ሎዌል